ዐፄ ፋሲልና ሁለቱ ሥራዎቻቸው

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ጎንደርን ያላየው እንኳ የፋሲልን ግንብ በሥዕል ያውቀዋል። ከብቸናና ከሞጣ የመጡ ጓደኞቻችን ግን እኒህን ንጉሥ በሌላ ሥራም ያስታውሷቸዋል፤ እርሱም ከሞጣ ቈላ ወርደው የሚያገኙት፣ ዓባይ ላይ የተሠራው ሰባራ ድልድይ ነው። ሕይወታቸውን ባጭሩ የምንጽፈው ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት ነው።

ፋሲል በ1596 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው በሕዝቡ ላይ በጫኑ ጊዜ አገር ታወከ። በጎጃምም ገዥው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የአዲሱ እምነት ዋና ደጋፊ ነበሩ። ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ።

ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ አጎታቸውን ሥዕለ ክርስቶስንም አጋዙ፣ በኋላም በሞት ቀጡ። ስለዚህ ብዙዎች በር ዘጊ ንጉሥ ይሏቸዋል። ነገር ግን በሩ የተዘጋው በአንድ ወገን ነው። ከየመን ኢማም ጋር መልእክተኛ ተለዋውጠዋል፤ ወደ ህንድም ልኡካን ልከዋል።

ነገሥታቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር በድንኳን ሲዘዋወሩ ኖረው ነበርና፣ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። ግንባቸውን አሠሩ፤ የተተኩትም ነገሥታት በአጠገቡ የየራሳቸውን ጨመሩ። ግቢውን የሚከበው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ወደዚህ ቅጥር ከምሥራቅ ጎጃም የሚሄድ እግረኛ ከብቸና ተነሥቶ፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ፣ ዓባይን በዚያ ድልድይ ተሻግሮ በጌምድር ይገባ ነበር። ነጋዴው በዚያው አለፈ። ቅኔውን ጎጃም ተምሮ ለመጻሕፍት ትርጓሜ ጎንደር የሚሻገረው፣ ዳቤሎ ለብሶ አኵፋዳውን ያነገተው የቆሎ ተማሪም በዚያው አለፈ። እኛ ተማሪዎች ይህን መንገድ የአባቶቻችን መንገድ ብንለው አላጋነንም።

ፋሲል በ1660 ዓ.ም. አዘዞ ላይ ዐረፉ። የተቀበሩትም በጣና፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ነው።

ከሥራዎቻቸው ብዙ መከራ ያየው ድልድዩ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰበረ፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ የሁለቱ ማዶ ሰዎች በወገባቸው ገመድ እያሰሩ፣ በክፍተቱ ላይ እየተጓተቱ ተሻገሩ። ገመዱ ከተበጠሰ ከታች ዓባይ አለ። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ ጎርፍ ወሰደው። ቆይቶም የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ቅጥሩ ዛሬ ማንንም አይከላከልም፤ ስለ ውበቱና ስለ ታሪኩ እንጠብቀዋለን፤ ይገባዋልም። ድልድዩን ግን ገበሬው ሲሰበር እንኳ አልተወውም፤ ገበያው፣ ዘመዱና ሐኪሙ ከማዶ ነውና ነፍሱን በገመድ አስይዞ ተሻገረበት። ተመርቀን ስንወጣ አንዳንዶቻችን ሕንፃ እንሠራለን፣ አንዳንዶቻችን ሕግ እናወጣለን። ሥራችን ቢሰበር ገመድ ይዞ የሚቆምለት ሰው ይኖር እንደ ሆነ ከአሁኑ እንጠይቅ።