ጀግናው የገበሬ ልጅ ማይክል ኦሊሪ

በዚህ ገጽ የምናወሳው የአየርላንዳዊውን ወታደር የማይክል ኦሊሪን ታሪክ ነው። የጦር ሜዳ ጀብዱ በገበሬ መጽሔት ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ሰውየው የገበሬ ልጅ ነው፤ ደግሞም እኔን የሳበኝ ጀብዱው ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የኖረው ኑሮ ነው።

ኦሊሪ የተወለደው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በደቡብ አየርላንድ፣ ኮርክ ውስጥ ከማክሩም ከተማ አቅራቢያ ነው። ያኔ አየርላንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቱ ዳንኤል ለአገሩ ነፃነት የሚቆረቆር ጉልበታም ገበሬ ነበር። ልጁ ግን ገና በጉርምስናው ከእርሻው ወጥቶ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ገባ። ቀጥሎ አይሪሽ ጋርድስ በሚባለው እግረኛ ጦር አገለገለ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ካናዳ ሄዶ ፈረሰኛ ፖሊስ ሆነ። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ ቀድሞ ክፍሉ ተመልሶ ፈረንሳይ ዘመተ።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1915 ኩዋንሺ በተባለ ስፍራ ጀርመኖች ከንጋቱ በፊት የእንግሊዞችን ምሽግ ያዙ። የመጀመሪያው መልሶ ማጥቃት ከሸፈ። መድፍ ከተተኮሰ በኋላ ሁለተኛው ሲጀመር ምክትል አሥር አለቃ ኦሊሪ ጓዶቹን ጥሎ ወደፊት ሮጠ። በመጀመሪያው ምሽግ የነበሩትን አምስት ጀርመኖች ገደለ። ወደ 55 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሌላ ምሽግ ከነመትረየሱ ነበር። መሬቱ ረግረግ ስለነበር (ረግረግ ማሳ ያቋረጠ ሰው ያውቀዋል) በባቡር ሐዲዱ ድልድል ላይ ዞሮ ደረሰባቸው። ሦስቱን ገደለ፣ ሁለቱን ማረከ። በእኔ ግምት ከተገደሉት ቁጥር የሚበልጠው፣ ከኋላው ይመጡ የነበሩት ጓዶቹ ከመትረየስ እሳት መዳናቸው ነው። ሜዳው ላይ ሃምሳ አለቃ ሆነ፤ ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ ሜዳይም ከንጉሥ ጆርጅ 5ኛ እጅ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ ፎቶው በየግድግዳው ተለጠፈ። ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተቀበለው። መንግሥት ወጣቶችን እንዲመለምል በየአገሩ አዞረው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ለምልመላ በወጣበት፣ ለዚያው ለእንግሊዝ ዘውድ ታማኝ ነን የሚሉ ሰዎች አፌዙበት። በ1916 ደብሊን ላይ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አመፅ ተነሣ፤ የእንግሊዝ ሜዳይ ያንጠለጠለ አየርላንዳዊ በገዛ አገሩም መወደሱ እየቀነሰ ሄደ። የነፃነት ተቆርቋሪው አባቱ ቤት ይህ ቀላል ነገር ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በ1921 ከሠራዊት ተሰናብቶ እንደገና ካናዳ ገባ። ፖሊስ፣ ቀጥሎም የባቡር ጥበቃ ሆኖ ሠራ። ሰዎችን በድንበር አሻግሯል ተብሎ ታሰረ፤ ፍርድ ቤት ነፃ ቢያወጣውም ሥራውን አጣ፣ ከነቤተሰቡም ተቸገረ። በ1932 ወደ እንግሊዝ ተመለሰና ለንደን ውስጥ የአንድ ትልቅ ሆቴል በረኛ ሆነ። ያ በየግድግዳው የተለጠፈ ሰው ለእንግዳ በር ይከፍት ነበር። ሥራ ሥራ ነውና አላፈረበትም ብዬ አስባለሁ፤ ያፈሩበት ካሉ እነዚያ በፎቶው የተጠቀሙት ናቸው።

በ1939 ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ በሻምበልነት ተጠርቶ ፈረንሳይ ዘመተ፤ ታሞ ተመለሰና የምርኮኞች ካምፕ ላይ ተመደበ። ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1954 በግንባታ ሥራ ኖረ። በኦገስት 1961 ለንደን ላይ አረፈ፤ ሲቀበርም አይሪሽ ጋርድስ የክብር ዘብ አቆመለት።