የአደን ደንብ እና የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሕይወት



እድር ያለ ደንብ እንደማይቆም ሁላችንም እናውቃለን። አደንም እንደዚሁ ነው። ጓደኛሞች ተሰብስበው ጫካ ሲገቡ ማን ቀድሞ ይተኩስ፣ ማን የት ይቁም፣ ግዳዩስ የማን ይባል የሚለው አስቀድሞ ካልታወቀ ወዳጅነት ይፈርሳል። በአገራችንም ቢሆን አዳኝ የሚፎክረው በገዛ እጁ በጣለው ነው እንጂ ሌላው አስሮ ባቀረበለት አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሩዝቬልት በ1858 በኒው ዮርክ ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው አስም ያሠቃያቸው ስለነበር ሰውነታቸውን በስፖርት አጠነከሩ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1884 እናታቸውና ባለቤታቸው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሞቱባቸው። ሐዘን የቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዳኮታ ምድር ሄደው ከብት በማርባትና በአደን ሐዘናቸውን ለመርሳት ሞከሩ።

በ1887 ከወዳጆቻቸው ጋር ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለውን የአዳኞች ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ደንብ ድብን በወጥመድ ይዞ መግደልን፣ በውሃ ላይ የሚዋኝን አውሬ በጀልባ ተጠግቶ መምታትን እንደ አደን አይቆጥርም ነበር። አውሬው የማምለጫ ዕድል ይኑረው ነው ነገሩ።

በ1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በሰው እጅ ሲገደሉ ምክትላቸው የነበሩት ሩዝቬልት ሥልጣኑን ያዙ። በኖቬምበር 1902 የሚሲሲፒ አገረ ገዥ ድብ ለማደን ጋበዟቸው። የአደኑ መሪ ሆልት ኮሊየር የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። በባርነት ተወልደው፣ በድብ አደን የሚተካከላቸው የጠፋ ሰው ናቸው። እንግዲህ ፕሬዚዳንቱ እንግዳ ስለሆኑ የመጀመሪያው ጥይት የእሳቸው እንዲሆን ተወሰነ። ኮሊየር በውሾቻቸው ድቡን እያባረሩ ሊያመጡላቸው፣ እሳቸው ደግሞ በተመደበላቸው ቦታ ቆመው ሊጠብቁ ተስማሙ።

ታዲያ ሩዝቬልት ብዙ ጠብቀው ሲሰለቻቸው ለምሳ ወደ ሰፈር ተመለሱ። ኮሊየር ድቡን በዚያው ቦታ ሲያመጡት ሰው የለም! ድቡ ከውሾቹ አንዱን ገደለ። ኮሊየር ተኩሰው መጣል ሲችሉ የእንግዳው ድርሻ ነው ብለው አልተኮሱም፤ በጠመንጃው ሰደፍ መትተው አደነዘዙትና በገመድ ከዛፍ ጋር አሰሩት። ከዚያም ፕሬዚዳንቱን አስጠሩ።

ሩዝቬልት መጥተው አዩት። ጓደኞቻቸው ሁሉ ይተኩሱ ይሏቸዋል። እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። የታሰረ አውሬ መግደል ክብር አይሆንም ነበር ምክንያታቸው። እኔ ሳስበው ነገሩ ከዚህም ያልፋል። ቦታውን የለቀቀ አዳኝ ግዳዩ ቢያመልጠው ወቀሳው የራሱ ነው፤ በሌላ ሰው ድካም ሊካስ አይገባም።

ብዙ ሰው ድቡ ተለቀቀ እያለ ያወራል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ድቡ ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ሥቃዩ እንዲያጥር በጩቤ እንዲገደል አዘዙ፤ ተገደለም። ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ ቤሪማን የተባሉ ሠዓሊ ካርቱን ሣሉበት፤ በብሩክሊን ከረሜላ ይሸጡ የነበሩ ባልና ሚስት ደግሞ የጨርቅ ድብ ሰፍተው በፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስም ቴዲ ብለው ሸጡት። ዛሬ ልጆቻችን አቅፈውት የሚተኙት አሻንጉሊት ከዚያ የመጣ ነው።

ሩዝቬልት ከዚያ አደን ድብ ሳይጥሉ ተመለሱ። በ1907 ግን በሉዊዚያና ከኮሊየር ጋር እንደገና አድነው በደንቡ መሠረት አንድ ድብ ጣሉ።

ጉድለት የለባቸውም አልልም። በ1909 ከሥልጣን ወርደው ከልጃቸው ከከርሚት ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው ሁለቱ ብቻ 512 እንስሳት ገደሉ። ለሙዚየም ነው ቢባልም ብዛቱ ያነጋግራል። በሌላ በኩል ደግሞ በሥልጣን ዘመናቸው 5 ብሔራዊ ፓርኮችና 51 የወፎች መጠበቂያዎች እንዲከለሉ አድርገዋል። ጃንዋሪ 6 ቀን 1919 በ60 ዓመታቸው በቤታቸው እንደተኙ ዐረፉ።

ኮሊየር እስከ 1936 ኖሩ። አሻንጉሊቱ በሩዝቬልት ስም ሲጠራ፣ ድቡን ተናንቀው ያሰሩትን ሰው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በ2004 ነው በሚሲሲፒ አንድ የዱር እንስሳት መጠበቂያ በስማቸው የተሰየመው።

እኛም በእድራችን ድንኳን የሚተክልና ሌሊቱን ሲደክም የሚያድር አባል እያለ ምስጋናውን ሌላው ሲወስደው እናያለን። ሩዝቬልት በሥልጣናቸው ላይ ሳሉ፣ ሁሉም ውሰዱ እያላቸው፣ የእኔ አይደለም ማለትን አውቀውበታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው።