ሰርጌይ አይዘንስታይን፤ ከድልድይ ሥራ ወደ ፊልም ቅንብር

በፊልም ጥበብ ታሪክ ስማቸው በቅድሚያ ከሚነሣ ሰዎች አንዱ የሆነው ሰርጌይ አይዘንስታይን ትምህርቱን የጀመረው ለመሐንዲስነት ነበር። የተወለደው በ1898 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በሪጋ ከተማ ነው። አባቱ የሲቪል መሐንዲስና የሕንፃ ነዳፊ ሲሆን፣ የሠራቸው ባለጌጥ ሕንፃዎች እስከ ዛሬ የሪጋ መታወቂያ ሆነው ይገኛሉ። ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በ1915 በፔትሮግራድ የሲቪል ምሕንድስና ኢንስቲትዩት ገባ።

አብዮቱ ግን አባትና ልጅን ለያየ። በ1918 ልጁ ከቀይ ጦር ጋር ሲሰለፍ፣ አባቱ ከተቃራኒው ወገን ቆመ። ወጣቱ በጦሩ ውስጥ በምሽግና በመሰል የግንባታ ሥራዎች አገለገለ። በወታደራዊ መሐንዲስነቱ በወንዝ ላይ የጀልባ ድልድይ ሲዘረጋ ያየው ትዕይንት ዕድሜ ልኩን ከአእምሮው አልጠፋም። እያንዳንዱ ሰው የተሰጠውን ተሸክሞ በተመደበለት ጊዜ ይሮጣል፤ ተራው ሲደርስ አጋጥሞ ይመለሳል፤ ድልድዩም በዚህ ሥርዓት ወደ ማዶ ይረዝማል። ኋላ በፊልም የፈለገውም ይህንኑ የተመጠነ እንቅስቃሴ ነበር።

በ1920 ወደ ሞስኮ መጥቶ በቴአትር ቤት የመድረክ ነዳፊ ሆነ። በዚያው ጊዜ የጀመረው የጃፓን ቋንቋ ጥናት ላልታሰበ ነገር በጀው። በጃፓን ጽሕፈት የውሃና የዓይን ምልክት ሲጣመሩ ልቅሶን፣ የአፍና የወፍ ምልክት ሲጣመሩ ዜማን ያመለክታሉ። ውሃ ብቻውን ልቅሶ አይደለም፤ ዓይንም ብቻውን ልቅሶ አይደለም፤ ትርጉሙ የሚወለደው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የቅኔ ተማሪ ከአንድ ቃል ሰምና ወርቅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ አይዘንስታይንም ከሁለት ምስሎች ሦስተኛ ሐሳብ ማውጣት እንደሚቻል ተረዳ።

ለጥቂት ጊዜ ያስተማረው ሌቭ ኩሌሾቭ፣ የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት ከሾርባ ሳሕን ወይም ከሬሳ ሣጥን ጋር ቢቀጥሉት፣ ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ ረኃብን ወይም ሐዘንን እንደሚያነብ ባሳየበት ሙከራ ይታወቃል። ኩሌሾቭና ተማሪው ፑዶቭኪን የፊልም ቁራጮችን እንደ ጡብ የሚደረደሩ አድርገው ይመለከቷቸው ነበር። አይዘንስታይን ግን ቁራጮቹ መደርደር ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ መጋጨት አለባቸው የሚል አቋም ያዘ።

አቋሙን በጉልህ ያሳየው በ1925 በሠራው «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ነው። ፊልሙ በ1905 የተነሣውን የመርከበኞች ዐመፅ ይተርካል። በኦዴሳው ትልቅ ደረጃ ላይ ወታደሮች በእኩል እርምጃ ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ ተበታትኖ ይሸሻል፤ ሰፊው ትዕይንት በድንገት ተቆርጦ የአንዲት እናት ፊት ይመጣል፤ ሕፃን የያዘ ጋሪ ወደ ታች ይንከባለላል። ትዕይንቱ ደረጃውን በእውን ለመውረድ ከሚያስፈልገው ጊዜ ይረዝማል፤ የተመልካቹ ጭንቀት ግን ርዝመቱን አያስቆጥረውም። ተኝቶ፣ ነቅቶና ተነሥቶ የሚታዩ የሦስት አንበሶች ሐውልቶችም ተከታትለው ሲታዩ፣ ድንጋዩ ራሱ ተቆጥቶ የተነሣ ይመስላል።

ነገር ግን የዚህ ኃይል ሌላ ገጽታም አለ። በ1905 በኦዴሳ ብዙ ሰው መገደሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ፊልሙ እንዳሳየው ያለ ጭፍጨፋ በዚያ ደረጃ ላይ አልተፈጸመም። ዛሬ ግን ስለዚያ ዓመት የሚያስብ ብዙ ሰው የሚታየው ደረጃው ነው። በ1928 በወጣው «ጥቅምት» በተባለው ፊልምም የክረምቱ ቤተ መንግሥት ሲወረር የሚያሳዩት ትዕይንቶች፣ በኋላ እንደ እውነተኛ የታሪክ ፎቶግራፍ ታትመዋል። ቁራጮቹን የሚያጋጥም ሰው እውነትን ሊያጎላ እንደሚችል ሁሉ፣ የሌለውንም እንደነበረ ሊያደርግ ይችላል።

ይህንን ሥልጣን በሌሎች እጅ ማየት ደግሞ የራሱ ዕጣ ሆነ። ከ1930 መጨረሻ ጀምሮ በሜክሲኮ ብዙ ፊልም አነሣ፤ ገንዘብ ያወጣው አሜሪካዊው ደራሲ አፕተን ሲንክሌር ግን በ1932 ሥራውን አስቆመ። አይዘንስታይን ያነሣውን አንድም ቀን ሳያቀናብር ቀረ፤ ከቁራጮቹ ሌሎች ሰዎች የየራሳቸውን ፊልም ሠሩ። «የቤዢን መስክ» የተባለውም ሥራ በ1937 በመንግሥት ትእዛዝ ተቋረጠ፤ የተነሣውም ፊልም ጠፋ።

በ1938 ከሙዚቀኛው ፕሮኮፊየቭ ጋር «አሌክሳንደር ኔቭስኪ»ን ሠራ። አንዳንዴ ዜማው ምስሉን፣ አንዳንዴም ምስሉ ዜማውን ተከትሎ ይቀናበር ነበር። በ1939 ሶቪየት ኅብረት ከጀርመን ጋር ስትዋዋል ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወረደ፤ በ1941 ጀርመን ስትወርር ተመለሰ። የ«ኢቫን አስፈሪው» የመጀመሪያ ክፍል የስታሊንን ሽልማት ሲያገኝ፣ ሁለተኛው ክፍል በ1946 ታገደ። አይዘንስታይን በየካቲት 1948 በ50 ዓመቱ በልብ ድካም ሲሞት እገዳው አልተነሣም ነበር፤ ሕዝብ ፊልሙን ያየው በ1958 ነው።

ከጠፋው «የቤዢን መስክ» ግን አንድ ነገር ተረፈ። ከየቁራጩ ተቆርጠው የተቀመጡ ጥቂት ምስሎች ተገኝተው፣ በ1960ዎቹ ዓመታት በቅደም ተከተል ተጋጥመው አጭር ፊልም ሆኑ። እንቅስቃሴ የላቸውም፤ ሆኖም የጠፋው ሥራ ምን ሊሆን ታስቦ እንደነበረ ያመለክታሉ። ሕንፃው ፈርሶ መጋጠሚያዎቹ ብቻ ቢቀሩ፣ ነዳፊው ያሰበውን ከእነርሱ ማንበብ የሚቻል መሆኑን ይህ ሥራ አሳይቷል።