ስሙ ከሶናታው ላይ የተነሳው የቫዮሊን ሊቅ፡ ጆርጅ ብሪጅታወር

ለቫዮሊንና ለፒያኖ ከተደረሱ የክላሲካል ሙዚቃ ሥራዎች መካከል ከፍተኛ ዝና ካተረፉት አንዱ ክሮይትዘር ሶናታ በመባል ይታወቃል። የሥራው ደራሲ ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ሲሆን፣ ሶናታው መጠሪያውን ያገኘው ከፈረንሳዊው የቫዮሊን ሊቅ ከሮዶልፍ ክሮይትዘር ነው። ይሁን እንጂ ሥራው መጀመሪያ የተዘጋጀው ለክሮይትዘር አልነበረም። ከቤትሆቨን ጎን ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረበው ከአፍሪካዊ የዘር ሐረግ የተወለደው ጆርጅ ፖልግሪን ብሪጅታወር ነበር። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ የሙያ ችሎታ፣ ወዳጅነትና የስም ባለቤትነት ምን ያህል እንደተሳሰሩ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሪጅታወር የተወለደው በ1778 ገደማ በዛሬዋ ፖላንድ ምሥራቃዊ ክፍል በምትገኘው የቢያላ ከተማ ነው። እናቱ አውሮፓዊት ስትሆን፣ አባቱ ጆን ፍሬደሪክ ብሪጅታወር የዘር ሐረጉ ከካሪቢያኗ ደሴት ከባርባዶስ ጋር የሚያያዝ ጥቁር ሰው ነበር። ባርባዶስ በወቅቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችና ከአፍሪካ በግዞት የተወሰዱ ባሪያዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ በግዳጅ የሚሠሩባት ደሴት ነበረች። አባትየው በርካታ ቋንቋዎችን የሚናገርና በመኳንንት ቤት የማገልገል ልምድ ያለው ሰው እንደነበር ይነገርለታል።

ቤተሰቡ ከቢያላ ወደ ሃንጋሪ ካመራ በኋላ አባትየው በልዑል ኤስተርሃዚ ቤተ መንግሥት በአገልጋይነት ተቀጠረ። በዚያው ቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓዱን የሚመራው ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ጆሴፍ ሃይደን ነበር። ሕፃኑ ጆርጅ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቀው በዚህ ሁኔታ ነው። ከጊዜ በኋላም በሕዝብ ፊት ሲቀርብ የሃይደን ተማሪ እየተባለ ይተዋወቅ ነበር።

ብሪጅታወር በፓሪስ ለሕዝብ የቀረበው በሚያዝያ ወር 1789፣ የፈረንሳይ አብዮት ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። በወቅቱ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ከአባቱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በዊንድሶርና በባዝ ከተሞች ችሎታውን አሳየ። በየካቲት 1790 ደግሞ በለንደኑ የድሩሪ ሌን ቲያትር ተጫወተ። በሰኔ ወር ከእኩያው ከኦስትሪያዊው ፍራንዝ ክሌመንት ጋር በጋራ ያቀረበው ዝግጅት ከፍተኛ አድናቆት አትርፎለታል። ክሌመንት ከ16 ዓመታት በኋላ የቤትሆቨንን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ነው።

አባትየው ልጁን ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ ራሱን የአፍሪካ ልዑል እያለ ይጠራ ነበር። ብሪጅታወርም በለንደን የሙዚቃ ሰዎች ዘንድ የአቢሲኒያው ልዑል የሚል ቅጽል ስም እንደወጣለት ተመዝግቧል። ቅጽሉ የኢትዮጵያውያንን ትኩረት የሚስብ ቢሆንም፣ የቤተሰቡን ትውልድ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አልተገኘም። አቢሲኒያ የሚለው ስም ከባርባዶስ ለመጣ ቤተሰብ መሰጠቱ በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ስለ አፍሪካና ስለ ሕዝቦቿ የነበራቸው ዕውቀት ምን ያህል የተምታታ እንደነበር ያመለክታል።

ልጁ በየመድረኩ ያገኘው ገቢ በአባቱ እጅ ይባክን ነበር። በ1791 የዌልስ ልዑል፣ በኋላ ጆርጅ አራተኛ ተብለው የነገሡት፣ ብሪጅታወርን በራሳቸው ጥበቃ ሥር አድርገው አባቱ ከእንግሊዝ እንዲወጣ አደረጉ። ልዑሉ ለታዳጊው ስመ ጥር መምህራንን የመደቡለት ሲሆን፣ ከመምህራኑ መካከል የቫዮሊን ሊቁ ባርተሌሞንና የሙዚቃ ደራሲው ቶማስ አትውድ ይገኙበታል። ሃይደን በ1791 ለንደን ውስጥ ባቀረባቸው ኮንሰርቶችም ብሪጅታወር ተካፋይ ነበር። ከዚያም በልዑሉ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ በቫዮሊን ተጫዋችነት ለዓመታት አገልግሏል።

በ1802 ብሪጅታወር በጀርመኗ የድሬስደን ከተማ የምትኖረውን እናቱን ለመጠየቅ ከአሠሪው ፈቃድ አገኘ። በከተማዋ ሁለት ጊዜ ኮንሰርት ካቀረበ በኋላም ወደ ቪየና ለመሄድ እንዲችል ፈቃዱ እንዲራዘምለት አመለከተ። ጥያቄው ተቀባይነት በማግኘቱ በ1803 የጸደይ ወራት ቪየና ገባ። የሥራ ፈቃድ መራዘም ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ቢመስልም፣ ከሙዚቃ ታሪክ ትልልቅ አጋጣሚዎች ለአንዱ በር የከፈተው ይህ ውሳኔ ነበር።

በቪየና ብሪጅታወርን ከቤትሆቨን ጋር ያስተዋወቁት ልዑል ሊክኖውስኪ ናቸው። ቤትሆቨን በዚያን ጊዜ የ32 ዓመት ሰው ሲሆን፣ የመስማት ችሎታው እየደከመ መሄዱ ከባድ ጭንቀት ላይ ጥሎት ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በጥቅምት 1802፣ ለወንድሞቹ በጻፈው ደብዳቤ ከሕመሙ የተነሳ ሕይወቱን እስከ መጥላት ደርሶ እንደነበር ገልጿል። የብሪጅታወር ጨዋታ ግን አነቃቃው። ሁለቱ በፍጥነት ተወዳጁ። ቤትሆቨን እንግዳው የቪየና መኳንንት ቤት እንዲገባ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት፤ አብረውት የሚጫወቱትን አዲስ ሶናታም ማዘጋጀት ጀመረ።

የሶናታው የመጨረሻ ክፍል ቀደም ሲል በ1802 ለሌላ ሥራ ተጽፎ የተቀመጠ ስለነበር፣ የቀረው ሥራ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ክፍል መጻፍ ነበር። ሆኖም ጊዜው አጭር ነበር። ኮንሰርቱ የተዘጋጀው ለብሪጅታወር ገቢ ማሰባሰቢያ ሲሆን፣ የሚቀርበውም ግንቦት 24 ቀን 1803 ከጠዋቱ በ8 ሰዓት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አውጋርተን በተባለው የቪየና መናፈሻ ውስጥ ነበር።

በዕለቱ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤትሆቨን ተማሪውን ፈርዲናንድ ሪስን አስጠርቶ የመጀመሪያውን ክፍል የቫዮሊን ኖታ በፍጥነት እንዲገለብጥ አዘዘው። የሁለተኛው ክፍል ኖታ ግን የሚገለበጥበት ጊዜ አልተገኘም። ብሪጅታወር ይህን ክፍል የተጫወተው ከቤትሆቨን የእጅ ጽሑፍ ላይ በቀጥታ እያነበበ ነው። የፒያኖው ኖታም በብዙ ቦታ ያልተሟላ ስለነበር ቤትሆቨን የጎደለውን ከአእምሮው እየሞላ ተጫወተ። በቂ ልምምድ ያልተደረገበትና ቀለሙ ያልደረቀ ሥራ በቪየና ታላላቅ ሰዎች ፊት የቀረበው በዚህ ሁኔታ ነበር።

ከዚያ ቀደም በነበረው ልማድ ለፒያኖና ለቫዮሊን የሚደረሱ ሶናታዎች የፒያኖ ሥራ ተደርገው ይታዩ ነበር። ቫዮሊኑ በአብዛኛው አጃቢ ነበር። ቤትሆቨን በዚህ ሥራ ሁለቱን መሣሪያዎች እኩል አደረጋቸው። አንዱ የሚያነሳውን ሐሳብ ሌላው ይቀበላል፣ ይሞግታል፣ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ሥራ በድፍረትና በብቃት ሊጫወት የሚችል ባለሙያ በቅርቡ ባይኖር ኖሮ ቤትሆቨን በዚህ መልክ ይጽፈው ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በመጀመሪያው ክፍል ፒያኖው ብቻውን ከታች ወደ ላይ ፈጥኖ የሚወጣበትና የሚመለስበት አንድ ቦታ አለ። ይህ ክፍል ሲደገም ብሪጅታወር በኖታው ላይ ያልተጻፈለትን ተመሳሳይ ምላሽ በቫዮሊኑ ሰጠ። ለሥራው ጥብቅ ቁጥጥር የሚያደርገው ቤትሆቨን በዚህ አልተቆጣም። ይልቁንም ከመቀመጫው ተነስቶ ወዳጁን አቀፈውና እንዲደግመው ጠየቀው። ከዚያም የፒያኖውን ፔዳል እንደረገጠ ቫዮሊኑ እንደገና እስኪመልስ ጠበቀ። ይህን ክስተት ብሪጅታወር ራሱ በማስታወሻው አስፍሮት ይገኛል።

ቤትሆቨን በአንድ ረቂቅ ላይ ሶናታው ለብሪጅታወር መደረሱን የሚገልጽ የቀልድ መታሰቢያ በእጁ ጽፎ ነበር። በዛሬ ዓይን ሲታይ ስለ ቆዳ ቀለም የሚያነሳው ቀልድ ጆሮ የሚጎረብጥ ቢሆንም፣ ሥራው ለማን እንደተዘጋጀ ግን በማያሻማ መንገድ ይመሰክራል። ቤትሆቨን ለወዳጁ እንደሰጠው የሚነገርለት ሹካ መሰል የድምፅ መቃኛ ብረትም በለንደኑ የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

ወዳጅነቱ ግን አልዘለቀም። ብሪጅታወር በእርጅና ዘመኑ ለአንድ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ባለሙያ እንዳጫወተው፣ ሁለቱ የተጣሉት በአንዲት ወጣት ሴት ምክንያት ነው። ሶናታው በ1805 በቦን ከተማ በአሳታሚው ዚምሮክ አማካይነት ታትሞ ሲወጣ፣ መታሰቢያነቱ የተሰጠው ለክሮይትዘር ነበር። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ቤትሆቨን በዚያን ወቅት ወደ ፓሪስ የመሄድ ሐሳብ ስለነበረው፣ በከተማዋ ታዋቂ የነበረውን ባለሙያ ስም መምረጡ ለዚሁ ዓላማ ሊሆን እንደሚችል ይገልጻሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ የብሪጅታወር ስም ከታተመው ሥራ ላይ ጠፋ።

ክሮይትዘር በበኩሉ ሶናታውን በሕዝብ ፊት ተጫውቶት እንደማያውቅና ሥራውን እንዳልወደደው ይነገራል። ዝናው ግን ለእሱ ሆነ። የሩሲያው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ በ1889 ያጠናቀቀውን አጭር ልብ ወለድ በሶናታው ስም ሲሰይመው፣ የክሮይትዘር ስም ሙዚቃ ሰምተው በማያውቁ አንባቢዎች ዘንድ ጭምር ታወቀ።

ብሪጅታወር ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። በ1807 የሙዚቃ ባለሙያዎችን በሚረዳው የንጉሣዊ ማኅበር በአባልነት ተመዘገበ። በ1811 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘ ሲሆን፣ ለዚሁ ያዘጋጀው ድርሰትም በከተማዋ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቀርቧል። በ1812 ለፒያኖ ተማሪዎች የሚሆኑ መልመጃዎችን አሳተመ። በ1813 የለንደን ፊልሃርሞኒክ ማኅበር ሲመሠረትም በመጀመሪያው ዓመት ዝግጅቶች ተሳትፏል። የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከለው በ1807፣ በቅኝ ግዛቶቹ ባርነት እንዲቀር የወሰነው ደግሞ በ1833 መሆኑ ሲታሰብ፣ አንድ ጥቁር ባለሙያ እነዚህን ደረጃዎች መያዙ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

በ1816 ትዳር መሥርቶ ልጆች ያፈራው ብሪጅታወር የኋላ ዘመኑን በማስተማርና ከአገር አገር በመዘዋወር አሳለፈ። ስሙ ግን ከሕዝብ ዓይን እየራቀ ሄደ። በመጨረሻም የካቲት 29 ቀን 1860 በደቡብ ለንደን በምትገኘው ፔካም ሰፈር ሕይወቱ ያለፈ ሲሆን፣ አስከሬኑ በኬንሳል ግሪን መቃብር አርፏል። በዕለቱ ከታላላቅ የሙዚቃ መድረኮች የራቀ፣ ብዙዎች የረሱት አዛውንት ነበር።

የብሪጅታወር ታሪክ ሊታወቅ የቻለው በተራ ሰነዶች አማካይነት ነው። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ የፈቃድ ማራዘሚያ ደብዳቤ፣ የዩኒቨርሲቲና የማኅበር መዝገቦች በየቦታው ተጠብቀው ባይቆዩ ኖሮ፣ ስሙ ከታተመው ሶናታ ላይ እንደጠፋ ሁሉ ከታሪክም በጠፋ ነበር። ተመራማሪዎች እነዚህን ማስረጃዎች አንድ በአንድ በማሰባሰብ የሕይወቱን መንገድ መልሰው አቅንተዋል። በ2009 አሜሪካዊቷ ገጣሚ ሪታ ዳቭ ሕይወቱን የሚተርክ የግጥም መጽሐፍ ያሳተመች ሲሆን፣ ይህም ታሪኩ ከሙዚቃ ባለሙያዎች ውጪ እንዲታወቅ ረድቷል።

ሶናታው ዛሬም በመላው ዓለም የሚጠራው በክሮይትዘር ስም ነው። ሁለት መቶ ዓመታት የኖረን መጠሪያ መለወጥ አዳጋች ነው። ይሁንና ቫዮሊንና ፒያኖ እኩል ሆነው ይህን ሥራ ባቀረቡ ቁጥር፣ በዚያ የግንቦት ማለዳ በአውጋርተን የተከናወነው የሁለት ባለሙያዎች ንግግር እንደገና ይሰማል። ከመካከላቸው አንዱ ጆርጅ ብሪጅታወር መሆኑን መዝገቡ ያረጋግጣል።