የጌዴዎን ጦር መሪ

ኦርድ ዊንጌት በ1895 ዓ.ም. በህንድ አገር ከብሪታንያውያን ወላጆች ተወለደ። የመድፈኛ መኮንን ከሆነ በኋላ ዐረብኛ ተምሮ ከ1920 እስከ 1925 ዓ.ም. በሱዳን መከላከያ ጦር አገለገለ።

በሰኔ 1932 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ከብሪታንያ ጋር ጦርነት ገጠመች። ብዙም ሳይቆይ በስደት የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ገቡ። በተከታዩ ጥቅምት ዊንጌት ወደዚያችው ከተማ ተላከ። የተሰጠውም ተግባር ከባድ ነበር፤ በጎጃም ምሽጎች የሰፈረውን ብዙ ሺህ የጠላት ጦር፣ ሁለት ሺህ በማይሞላ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ማስለቀቅ ነበረበት።

ዊንጌት ዘመቻውን ያቀደው እንደ አንድ አካል አድርጎ ነው። ተዋጊው፣ ስንቁ፣ ሬዲዮውና ስብከቱ እያንዳንዳቸው የሌላው ደጋፊ እንዲሆኑ አሰበ። ጥቂቱ ጦር ሌሊት ምሽጎችን እየደበደበ ብዙ መስሎ ይታያል፤ አምስት ዓመት ሙሉ የታገሉት የጎጃም አርበኞች የጠላትን መንገድ ይቆርጣሉ፤ በራሪ ጽሑፍና ድምፅ ማጉያ የባንዳውን ልብ ያሸፍታሉ። ይህንንም ጦር በጥቂት ሰዎች ብዙ ጠላት ባሸነፈው በመጽሐፍ ቅዱሱ መስፍን ስም ጌዴዎን ብሎ ሰየመው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኡም ኢድላ በተባለው ስፍራ ድንበሩን ተሻገሩ። ነገር ግን ከዕቅዱ አንዱ ክፍል ደካማ ሆኖ ተገኘ። ስንቅና ጥይት የተጫነው በግመል ሲሆን፣ የቆላው እንስሳ የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻለም፤ ግመሎቹ በብዛት አለቁ። ስንቁ ሲዘገይ የጦሩም ጉዞ ዘገየ። የአርበኞቹ ድጋፍ ባይኖር ኖሮ ዕቅዱ በዚያው በከሸፈ ነበር።

ሆኖም የጠላት አዛዦች የመጣባቸውን ጦር ብዛት ባለማወቃቸው በየካቲት መጨረሻ ቡሬን፣ በመጋቢትም ደብረ ማርቆስን ለቀቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ዊንጌት በ1935 ዓ.ም. በበርማ ሲዘምት ስንቁን ከአውሮፕላን አስጣለ። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. ግን ራሱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በአዲስ አበባም በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት ተከፈተ።