የስዊድኑ ቀዛፊ ጌርት ፍሬድሪክሰን

በዚህ መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረብ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ነገሥታት፣ ደራስያንና ሊቃውንት ናቸው። እኔ ግን አንድ ጀልባ ቀዛፊ መርጫለሁ። አንባቢ እንዳይገረም ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። በትምህርት ቤታችን የዱላ ቅብብል ቡድን ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ የመጨረሻውን ዙር የምሮጥ እኔ ነበርሁ። ዘንድሮ የስፖርት መምህራችን ይህን ቦታ ለአንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንድለቅና እኔ ሦስተኛ ሆኜ ዱላውን ለእርሱ እንዳቀብል ነገሩኝ። ልጁ ከእኔ ይፈጥናል፤ የተያዘለትም ሰዓት ይህንኑ ያሳያል። ቢሆንም ቅር ብሎኝ ሁለት ሳምንት ያህል ከልምምድ ቀረሁ። በነዚህ ሳምንታት ስለ ኦሊምፒክ ጨዋታዎች ሳነብ ነው የጌርት ፍሬድሪክሰንን ታሪክ ያገኘሁት።

ፍሬድሪክሰን የተወዳደረባት ጀልባ ካያክ ትባላለች። ጥንት በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ አዳኞች ከእንጨትና ከባሕር እንስሳት ቆዳ ይሠሯት ነበር። ቀዛፊው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አድርጎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቀመጥና በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ሁለቱን አንድ እንዳያደርጋቸው ያስፈልጋል። ታንኳ ከደንገል ታስራ ሰውና ጭነት እንድትሸከም የተሠራች ናት። የውድድር ካያክ ግን እጅግ ጠባብ ስለ ሆነች ያልለመደ ሰው የተቀመጠባት እንደ ሆነ ወዲያው ትገለበጣለች።

ፍሬድሪክሰን በ1919 በስዊድን አገር ከስቶክሆልም በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኒሾፒንግ ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ካያክ መቅዘፍ የጀመረው በጕርምስናው ጊዜ ነው። ጉልበቱ በበረታበት ወቅት ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ የ1940ና የ1944 የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ሳይደረጉ ቀሩ። በመጀመሪያው ሃያ፣ በሁለተኛው ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ስንት ሰው በዚያ ዘመን ተስፋ ቆርጦ ስፖርቱን እንደ ተወ ማን ይቈጥረዋል! እርሱ ግን ጠበቀ፤ በ1948 ለንደን ላይ ሲቀርብ ዕድሜው ሃያ ስምንት ደርሶ ነበር።

እዚያም በሁለት ተከታታይ ቀን ሁለት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በ10,000 ሜትር ሁለተኛ የወጣውን የፊንላንድ ቀዛፊ ከ30 ሰከንድ በላይ ቀደመው። በማግሥቱ በ1,000 ሜትር ያሸነፈው በ6.7 ሰከንድ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ተወዳዳሪዎች የሚበላለጡት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ስለ ሆነ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

በ1952 በሄልሲንኪ የ1,000 ሜትሩን ደገመ፤ በ10,000 ግን በፊንላንዳዊው በስትሮምበርግ ተሸነፈ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት ስለ ነበረ በክብር ቢሰናበት የሚወቅሰው አልነበረም። ነገር ግን አልተሰናበተም። በ1956፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልበርን ኦሊምፒክ፣ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። እኔ ብሆን ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን መቅዘፊያዬን ሰቅዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ሰው ሁሉ በሚያጨበጭብበት ጊዜ ማቆም መልካም ይመስለኝ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ያሰብሁበት ግን የ1960ው የሮማ ኦሊምፒክ ነው። በአገራችን ሮማ ሲባል ትዝ የሚለን አበበ ቢቂላ ነው፤ አያቴም ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ ከአበበ በቀር ሌላ ስም አይጠሩም። ይሁን እንጂ አበበ በባዶ እግሩ ከመሮጡ 12 ቀን አስቀድሞ፣ ከሮማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በአልባኖ ሐይቅ ላይ የአርባ ዓመቱ ፍሬድሪክሰን የመጨረሻውን የኦሊምፒክ ውድድር አደረገ። በዚያ ዓመት 10,000 ሜትር ከጨዋታው ስለ ተሰረዘ ትዕግሥትና ልምድ ብዙ የሚረዱበት ረጅሙ ርቀት ቀርቶበት ነበር። የቀረው ፍጥነት የሚጠይቀው 1,000 ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ባሸነፈበት በዚህ ርቀት ሦስተኛ ወጣ። ዴንማርካዊው ኤሪክ ሃንሰን አንደኛ፣ የሀንጋሪው ቀዛፊ ሁለተኛ ሆኑ። የሦስቱ ልዩነት ሦስት ሰከንድ አይሞላም።

በዚያው ጨዋታ ፍሬድሪክሰን ሁለት ሰው በሚቀዝፋት ካያክም ተወዳድሯል። ጓደኛው ስቬን ኦሎቭ ሾዴሊየስ የሚባል የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። በሁለት ሰው ካያክ አንዱ ብቻውን መፍጠን አይችልም። መቅዘፊያዎቹ በአንድ ቅጽበት ውኃ ካልነኩ ጀልባዋ ትወላገዳለች፤ የበረታውም ጉልበቱ በከንቱ ይፈሳል። ለአሥራ ሁለት ዓመት በኦሊምፒክ ብቻውን ሲቀዝፍ የኖረ ሰው ምቱን ከሌላ ሰው ምት ጋር ማስማማት ነበረበት። ሁለቱ ሀንጋሪዎቹንና ፖላንዶቹን ቀድመው ገቡ። ይህም የፍሬድሪክሰን ስድስተኛው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። ከብሩና ከነሐሱ ጋር ሜዳልያዎቹ ስምንት ናቸው። በኋላ ዘመን ጀርመናዊቷ ቢርጊት ፊሸር በወርቅ ብዛት በልጣዋለች፤ ከወንዶች ቀዛፊዎች ግን እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ስድስት ወርቅ ያገኘ ሌላ የለም።

ከሮማ በኋላ ውድድሩን አቆመና አሠልጣኝ ሆነ። የስዊድንን ቡድን ለ1964ቱ የቶክዮ ኦሊምፒክ ያዘጋጀ እርሱ ነው። በቶክዮ ያ ሾዴሊየስ ጉናር ኡተርበርግ ከሚባል ሌላ ጓደኛ ጋር በሁለት ሰው ካያክ ዳግመኛ ወርቅ አገኘ። በሮማ ፍሬድሪክሰን ባጣው በአንድ ሰው 1,000 ሜትርም ሮልፍ ፔተርሰን የተባለው ስዊድናዊ አንደኛ ወጣ። አሠልጣኙ ያን ጊዜ በልቡ ምን እንደ ተሰማው ለማወቅ እመኝ ነበር። ደስታ ብቻ ይሆን? ወይስ እጁ መቅዘፊያ ናፍቆት ነበር? እኔ ሁለቱም አብረው የነበሩ ይመስለኛል።

ፍሬድሪክሰን በ2006 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ በዚያው በተወለደባት በኒሾፒንግ አረፈ።

እኔም በሦስተኛው ሳምንት ወደ ልምምድ ተመለስሁ። መምህራችን ምንም ሳይሉ ዱላውን ሰጡኝ። ልጁ መጀመሪያ ቀን እጁን ቶሎ ስለሚዘረጋ ዱላው ሁለት ጊዜ ወደቀብን፤ አሁን ግን እግሬ ሲቃረብ ድምፁን ሰምቶ መነሣት ጀምሯል። ይህን ስጽፍ የክፍላተ ሀገሩ ውድድር ሊደርስ ዐሥር ቀን ቀርቶታል።