ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን፦ በመተማ መንገድ ያለፈው የወፍ አጥኚ

ከመተማ ተነስቶ ጋላባትንና ዶካን አልፎ ገዳሪፍ የሚደርሰውን መንገድ ከተማሪዎቻችን ወላጆች ብዙዎቹ ያውቁታል። ነጋዴው፣ ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ፣ ስደተኛው፣ ሁሉም ተመላልሶበታል። ከ170 ዓመት በፊት ደግሞ አንድ ጀርመናዊ ወፎችን እያጠና በዚህ አካባቢ አልፏል። በዚህ ጽሑፍ የእርሱን ሕይወት በአጭሩ እናስተዋውቃችኋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በ1824 በደቡብ ጀርመን፣ ሂርሽላንደን በምትባል መንደር ከፕሮቴስታንት ቄስ ቤተሰብ ተወለደ። የተማረው የማዕድን ሙያ ነበር፤ ልቡ ግን ወደ እንስሳትና ወደ ሩቅ አገር አደላ። በ1850 ግብፅ ገብቶ ዐረብኛ ተማረ። በ1852 ካርቱም በሚገኘው የኦስትሪያ ቆንስላ ጸሐፊ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ከቆንስሉ ከኮንስታንቲን ራይትስ ጋር ወደ ጎንደር ተጓዘ። ያን ጊዜ ሱዳን በግብፅ ገዢዎች እጅ ነበረች፤ ገዳሪፍም ሱቅ አቡ ሲን በሚባለው ገበያዋ ትታወቅ ነበር። ራይትስ በዚያው ጉዞ ታሞ በ1853 ሞተ፤ ቦታውን ሆይግሊን ተረከበ።

በዚያ ዘመን ወፍን ማጥናት ማለት ተኩሶ መጣል፣ ቆዳዋን ገፎ ማድረቅ፣ ከዚያም የተገኘችበትን ቦታና ቀን መጻፍ ነበር። መጣሉና መግፈፉ ለዛሬ ልጆች ሊከብድ ይችላል። ቦታውንና ቀኑን መጻፍ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሥራው ዋና ነገር ነው። ለምን እንደሆነ በአንዲት ትንሽ ወፍ እናስረዳ።

በኢትዮጵያ ደጋ፣ ሣሩ አጭር በሆነበት ሜዳ ላይ፣ ደረቷ ቀላ ያለ፣ መሬት ለመሬት እየሮጠች ነፍሳት የምትለቅም ወፍ አለች። ለዚች የደጋ ወፍ በ1869 ሳይንሳዊ ስም ያወጣላት ሆይግሊን ነው። በሱዳን ቆላ፣ በተለይ እሳት በበላው ሜዳ ላይ፣ የምትመስላት ሌላ አለች፤ መጠኗ አነስ፣ መልኳ ጠቆር ይላል። ይችኛዋን ሌሎች ሁለት ጀርመናውያን በ1870 በሆይግሊን ስም ጠሯት። እንግዲህ የደጋዋና የቆላዋ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የአንድ ዝርያ ንዑስ ዝርያዎች አድርገው ቆጠሯቸው። ዛሬ ግን አብዛኞቹ መዝገቦች የቆላዋን ራሷን የቻለች ዝርያ ያደርጓታል።

ጥያቄው የስም ብቻ አይደለም። ፈረስና አህያ ሁለት ዝርያዎች ስለሆኑ፣ በቅሎ ከሁለቱ ብትወለድም እንደ ደንቡ አትወልድም። ንዑስ ዝርያዎች ግን የአንድ ዝርያ ቅርንጫፎች ናቸው። በየአገራቸው መልካቸው ይለያል፤ በሚገናኙበት ወሰን ላይ ግን ይጋባሉ፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። ስለዚህ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስንሄድ መልኩ በአንድ ጊዜ አይለወጥም፤ እንደ ደጋና ቆላ መካከል እንደሚገኘው ወይና ደጋ ቀስ በቀስ ይሸጋገራል። ሁለቱን ጫፎች ብቻ ያየ ሰው ሁለት ፍጥረት ነው ይላል። መካከሉን ያየ ግን ፍርዱን ያዘገያል። መካከሉን ለማየት ደግሞ እያንዳንዷ ወፍ የት እንደተገኘች መታወቅ አለበት።

ሆይግሊን በ1861 ትልቅ ጉዞ እንዲመራ ተመረጠ። ዓላማው በወዳይ የጠፋውን መንገደኛ ኤድዋርድ ፎግልን መፈለግ ነበር። እርሱ ግን በምፅዋና በከረን በኩል ወደ ኢትዮጵያ አቀና። ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች በዚህ ተቆጥተው መሪነቱን ነጠቁትና ለቬርነር ሙንሲንገር ሰጡት። ሆይግሊን አልተመለሰም። ከሐኪሙና ከዕፀዋት አጥኚው ከሄርማን ሽቶይድነር ጋር በአድዋና በጎንደር አልፎ፣ ዘመቻ ላይ ከነበሩት ከሞክሼው ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር በ1862 ተገናኘ፤ ቴዎዶርና ቴዎድሮስ አንድ ስም ነውና። ከዚያ በጋላባት በኩል ወደ ካርቱም ወረደ። በ1863 ሁለቱ ጓደኞች ከኔዘርላንዳዊቷ ተጓዥ ከአሌክሳንድሪን ቲነ ጋር ወደ ባሕር ኤል ገዛል ሄዱ። እዚያ ሽቶይድነር በበሽታ ሞተ። ያ ሁሉ የወፍ ዕውቀት የተገኘው እንዲህ ባለ ዋጋ ነበር።

አገሩ ሲመለስ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች የሚዘረዝር ሰፊ መጽሐፍ ከ1869 ጀምሮ በየክፍሉ አሳተመ። በመካከሉ በ1870 እና በ1871 ወደ ዋልታው ተጠግቶ ስፒትስበርገንንና ኖቫያ ዜምልያን ጎበኘ። በ1875 እንደገና ወደ ምሥራቅ ሱዳን፣ ወደ ቤኒ ዓምር አገር መጣ። ኅዳር 5 ቀን 1876 በሽቱትጋርት ዐረፈ፤ ዕድሜው 52 ነበር።

በሞተበት ዓመት አንዲት ጠቆር ያለ ጀርባ ያላት የባሕር ዳር ወፍ በስሙ ተጠራች። ይህች ወፍ የምትፈለፈለው በሰሜን ሩሲያ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ምድር ነው። ክረምቱ ሲበረታባት እስከ ቀይ ባሕርና እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ትወርዳለች። ሆይግሊን በሕይወቱ የረገጣቸውን ሁለቱን ጫፎች እርሷ በክንፏ ታገናኛለች። ስትሰየም ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ ነበር። ይሁን እንጂ ዘመዶቿ ከብሪታንያ እስከ ሳይቤሪያ ተዘርግተዋል፤ የአንዳንዶቹ ጀርባ ግራጫ፣ የሌሎቹ ጥቁር ሲሆን፣ በመካከላቸው የሁለቱንም መልክ የያዙ አሉ። ስለዚህ ዛሬ ብዙ መዝገቦች ከንዑስ ዝርያዎች ተርታ አስገብተዋታል። ሆይግሊን ራሱ ካወጣቸው ስሞችም አንዳንዶቹ ጸንተዋል፣ አንዳንዶቹ ከሌላ ጋር ተቀላቅለዋል። ይህ ሥራውን አያሳንስም፤ የተስተካከለው እርሱና መሰሎቹ ባስቀመጡት ማስረጃ ነውና።

በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነቱ መገናኛ ዝነኛ ምሳሌ አዋሽ ነው። ከፏፏቴው በላይ ወይራማ ጠጉር ያለው ዝንጀሮ፣ በታች ደግሞ ወንዱ ግራጫ ጋማ ያለው ዝንጀሮ ይኖራል፤ በመካከል የሁለቱም ልጆች የሆኑ መንጋዎች አሉ። ተመራማሪዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲከታተሏቸው ቆይተዋል። እነዚህ ክልሶች ይወልዳሉ፣ ያሳድጋሉ፤ ሆኖም ሁለቱ ወገኖች እስካሁን አንድ አልሆኑም። አንድ ዝርያ እንበላቸው ወይስ ሁለት በሚለው ሊቃውንት ዛሬም አልተስማሙም።

እኛ የምንኖረው በደጋና በቆላ መገናኛ አጠገብ ነው። ከተማሪዎቻችን መካከል በዕረፍት ወደ መተማና ወደ ጎንደር የሚጓዙ አሉ። በደረቁ ወራት፣ ማሽላው ታጭዶ ገለባው ሲቃጠል፣ መሬት ላይ የምትሮጥ ደረተ ቀላ ወፍ ብታዩ በድንጋይ አትወርውሯት። ደብተራችሁን አውጡና መልኳን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ወደ ደጋው ስትወጡም እንዲሁ አድርጉ፤ በተለይ በመካከል ያለውን መንገድ አትዝለሉ።